ጌም ሲከፈት ፕሮሰሰሩ ሙሉ አቅሙን እንዲሰጥ፦ ከዊንዶውስ እስከ ባዮስ የሚደረግ ማስተካከያ

ጌም እየተጫወቱ ምስሉ የሚቆራረጥባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታያቸው መፍትሔ ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ማድረግ፣ ማለትም ከተመደበለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ማስገደድ ነው። የዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ግን ሙቀቱና የኤሌክትሪክ ኃይሉ እስከፈቀደላቸው ድረስ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ከፍ ያደርጋሉ። በመሆኑም አብዛኛው ችግር የሚመጣው ፕሮሰሰሩ አቅም ስለጎደለው ሳይሆን ያለውን አቅም እንዳያወጣ የሚይዘው ነገር ስላለ ነው። ሙቀት፣ ደካማ ቻርጀር፣ የተሳሳተ የዊንዶውስ ቅንብር ወይም ከተገዛበት ፍጥነት በታች የሚሠራ ሜሞሪ ሊይዘው ይችላል። ይህ መመሪያ እነዚህን መያዣዎች አንድ በአንድ ለይቶ ስለመፍታት ነው። ለማሳያ ሁለት ኮምፒውተሮችን እንወስዳለን፤ አንዱ ኢንቴል ኮር አይ7 9750ኤች ያለው ላፕቶፕ፣ ሌላው ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ያለው ዴስክቶፕ ሲሆን ሁለቱም ዊንዶውስ 11 የተጫነባቸው ናቸው። የእርስዎ ኮምፒውተር ሌላ ቢሆንም አካሄዱ ብዙም አይለወጥም።

ማስተካከል ከመጀመርዎ በፊት ይለኩ

አንድም ቅንብር ከመንካትዎ በፊት ፍጥነቱን የሚገድበው ፕሮሰሰሩ ነው ወይስ ግራፊክስ ካርዱ የሚለውን ማወቅ ይኖርብዎታል። ጥፋቱ የግራፊክስ ካርዱ ከሆነ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ተሠርቶም የሚታይ ለውጥ አይመጣም። መለያው ቀላል ነው። ቪሲንክን (በሴኮንድ የሚወጡትን ምስሎች ወይም ፍሬሞች ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለውን ቅንብር) እና ማንኛውንም የፍሬም ገደብ ያጥፉ፤ በጌሙ ውስጥ ሁልጊዜ በቀላሉ ሊመለሱበት የሚችሉ አንድ ቦታ ይምረጡና በሴኮንድ ስንት ፍሬም እንደሚያገኙ ይመዝግቡ። ከዚያ ሌላውን ቅንብር ሳይነኩ የምስሉን ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ያውርዱና እዚያው ቦታ ላይ ደግመው ይለኩ። ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ይገድብ የነበረው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ደግሞ ገዳቢው ፕሮሰሰሩ ወይም ከእሱ ጋር አብሮ የሚሠራው ሜሞሪ ነው።

በዚህ ጊዜ ታስክ ማናጀርን ከፍተው ፕሮሰሰሩ 30 በመቶ ብቻ እየሠራ መሆኑን ሊያዩና «ፕሮሰሰሬማ ገና ብዙ ይቀረዋል» ሊሉ ይችላሉ። ይህ ቁጥር ያሳስታል። 9750ኤችም ሆነ 5600 ስድስት ኮር (የሥራ ክፍል) እና 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) ስላላቸው፣ አንድ ትሬድ ሙሉ በሙሉ ቢጨናነቅ በጠቅላላው ቁጥር ላይ የሚታየው 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ብዙ ጌሞች ደግሞ ዋናውን ሥራ በአንድ ትሬድ ላይ የሚያሠሩ ናቸው፤ ያ ትሬድ ከሞላ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ቢቀመጡም ፍሬሙ አይጨምርም። ስለዚህ የተሻለ ምልክት የሚሆነው የግራፊክስ ካርዱ ቁጥር ነው፤ ገደብ በሌለበት ጌም ላይ ካርዱ ከ95 በመቶ በላይ ከሠራ ገዳቢው እሱ ነው፣ 60 ወይም 70 በመቶ ላይ ከቆመ ግን ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ኤችደብልዩኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑና ሲከፈት «ሴንሰርስ ኦንሊ» የሚለውን መርጠው እንደተከፈተ ይተዉት፤ ከዚያ ለ20 ደቂቃ ያህል ይጫወቱ። አምስት ደቂቃ አይበቃም፣ ምክንያቱም ላፕቶፕ ሙቀቱ እስኪሞላ ድረስ ጥሩ ይሠራና ከዚያ በኋላ ነው የሚወርደው። ሲመለሱ የሚያዩዋቸው ሦስት ነገሮች የፕሮሰሰሩ ሙቀት፣ የኮሮቹ ፍጥነት እና የሚጠቀመው ዋት ናቸው። ሦስቱን ለየብቻ ማንበብ ትርጉም የለውም፤ ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን ችግሩን ራሳቸው ይናገራሉ።

የ9750ኤችን ምሳሌ እንውሰድ። መነሻ ፍጥነቱ 2.6 ጊጋኸርዝ፣ በቱርቦ፣ ማለትም ፍጥነቱን ራሱ ከፍ ሲያደርግ፣ የሚደርስበት ከፍተኛ ፍጥነት 4.5 ጊጋኸርዝ፣ የሙቀት ጣሪያው ደግሞ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሙቀቱ 95 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ፍጥነቱ ወደ 3 ጊጋኸርዝ ከወረደ የያዘው ሙቀት ነው። ሙቀቱ 75 ገደማ ሆኖ ዋቱ 45 ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ካለ አምራቹ ያስቀመጠው የኃይል ገደብ ነው። ሙቀቱም ዋቱም ዝቅ ብለው ፍጥነቱ 2.6 ላይ ከተቸነከረ ግን ጥፋቱ የዊንዶውስ ቅንብር ነው፤ ይህም በአምስት ደቂቃ የሚስተካከል ነው። ፍጥነቱ ጭራሽ ወደ 0.8 ጊጋኸርዝ ወርዶ እዚያው ከቀረ መጀመሪያ ቻርጀሩን ይጠርጥሩ። ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ ሲገዛ ቻርጀሩ የራሱ ሳይሆን አነስተኛ ዋት ያለው ሌላ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ላፕቶፑ ባትሪውን እየሞላ ጤነኛ ቢመስልም፣ በቂ ኃይል እንደማያገኝ ስላወቀ ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያንቀረፍፈዋል። በቻርጀሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር አባዝተው የሚያገኙትን ዋት ለላፕቶፑ ሞዴል ከተመደበው ጋር ያስተያዩት። ይህን በየትኛውም ሶፍትዌር ማስተካከል አይቻልም።

የዊንዶውስ ቅንብሮች

ላፕቶፑን በቻርጀር ላይ ያድርጉ፤ በባትሪ ብቻ የሚጫወት ላፕቶፕ ምንም ቢደረግለት ሙሉ አቅሙን አይሰጥም። ከዚያ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «ፓወር» ወደሚለው ክፍል ይግቡና «ፓወር ሞድ» የሚለውን «ቤስት ፐርፎርማንስ» ላይ ያድርጉት። ላፕቶፑ ከአምራቹ የመጣ የራሱ መቆጣጠሪያ ካለው ከዊንዶውሱ ቅንብር ይልቅ የእሱ ሥልጣን ስለሚበልጥ እሱንም አይዘንጉ፤ በአሱስ ላፕቶፖች አርመሪ ክሬት፣ በኤሰር ናይትሮ ላይ ናይትሮሴንስ፣ በኤችፒ ኦመን ላይ ኦመን ጌሚንግ ሃብ የዚህ ዓይነቶቹ ናቸው፤ በሌኖቮ ሊጅን ላይ ደግሞ «ኤፍኤን» እና «ኪው» ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ሁኔታው ይቀያየራል። ፕሮሰሰሩ ስንት ዋት እንዲጠቀምና ፋኑ በምን ያህል ፍጥነት እንዲዞር የሚወስነው ይህ ምርጫ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ቅንብር እንሂድ። በ«ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ»ን ይክፈቱ፤ ከተመረጠው ፕላን አጠገብ ያለውን «ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ቼንጅ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ» የሚለውን ይጫኑና «ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት»ን ይዘርጉት። እዚያ ውስጥ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለው 100 በመቶ መሆኑን ያረጋግጡ። ይህ ቁጥር 99 በሚሆንበት ጊዜ የሚቀንሰው አንድ በመቶ ብቻ ይመስላል፤ በተግባር ግን ቱርቦን ሙሉ በሙሉ ስለሚያጠፋ 9750ኤች ከ4.5 ይልቅ 2.6 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይቀራል፤ ይህም ከከፍተኛ ፍጥነቱ 40 በመቶ ገደማ መተው ነው። ላፕቶፕ የሚሞቅበት ሰው ምክር ሲጠይቅ በብዛት የሚሰጠው መልስ ይኸው 99 በመቶ ስለሆነ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው የቀድሞው ባለቤት ያስቀመጠውን ሳያውቅ ሊወርስ ይችላል። ቅንብሩ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ከላይ ባለው ምርመራ ገዳቢው ግራፊክስ ካርዱ መሆኑ ከተረጋገጠ ፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዙ ለካርዱ ቦታ ይለቅለታል። ገዳቢው ፕሮሰሰሩ በሆነበት ጌም፣ ለምሳሌ ካውንተር ስትራይክ 2ን በዝቅተኛ ጥራት ለሚጫወት ሰው፣ ፍሬሙን በቀጥታ የሚቀንስ ነው።

«ሚኒመም ፕሮሰሰር ስቴት»ን ግን 100 ማድረግ አያስፈልግም። ፕሮሰሰሩ ጌም ሲከፈት ፍጥነቱን ለማንሳት የሚፈጅበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው፤ ይህን ቁጥር ከፍ ማድረግ የሚያመጣው ነገር ቢኖር ሥራ በሌለበት ጊዜም መሞቅ ነው። 5 በመቶ ላይ ይተዉት። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ «ባላንስድ» ከሚለው በስተቀር ሌላ ፕላን አይታይም፤ ይህ ጉድለት ስላልሆነ «ሃይ ፐርፎርማንስ»ን ለማምጣት መድከም የለብዎትም።

ሙቀትን መቀነስ

የያዘው ሙቀት ከሆነ ከሁሉም ቅንብር የሚበልጥ ውጤት የሚሰጠው የላፕቶፑን ውስጥ ማጽዳት ነው። የፋኑ ክንፎችና የማቀዝቀዣው ቀጫጭን ብረቶች መካከል አቧራ ተጋግሮ አየሩ መውጫ ሲያጣ የትኛውም ሶፍትዌር አያግዘውም። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስትም ዓመታት ሲያስቆጥር ይደርቃል፤ ማጽዳቱና ፔስት መቀየሩ በአንድ ጊዜ ቢሠራ ይመረጣል፣ በራስዎ ከፍተው የማያውቁ ከሆነ ደግሞ ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት። አቧራውን በንፋስ ሲያስወጡ ፋኑን በጣት መያዝ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ደጋ ለሚኖር ሰው የሚጨመር አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይህን በከፊል ያካክሰዋል፤ ቢሆንም በባሕር ዳርቻ ከተማ የተለካ የአንድ ላፕቶፕ የሙቀት ውጤት እዚህ እንዳለ ይደገማል ብሎ መጠበቅ አይገባም። የላፕቶፑን ጀርባ ከጠረጴዛው ጥቂት ሴንቲሜትር ማንሳትና ፋኑን ከፍ ባለ ደረጃ ማስኬድ በዚህ ምክንያት የበለጠ ዋጋ አለው።

ቮልቴጅን መቀነስ

የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ይህ ነው፤ ለላፕቶፕ ከሚደረጉ ማስተካከያዎች ሁሉ ያለ ወጪ ብዙ የሚያስገኝም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። አምራቾች ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የሚመድቡት ቮልቴጅ ደካማውም ቺፕ ሳይሰናከል እንዲሠራበት ተብሎ ትርፍ የተጨመረበት ነው። የእርስዎ ቺፕ ያን ሁሉ ላይፈልግ ይችላል። ቮልቴጁ ሲቀንስ ሙቀቱና ዋቱ ይቀንሳሉ፤ እነሱ ሲቀንሱ ፕሮሰሰሩ ጣሪያው ላይ ሳይደርስ በከፍተኛ ፍጥነት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ከኦቨርክሎክ የሚለየውም በዚህ ነው፤ ፕሮሰሰሩን አያስጨንቀውም፣ ከመጠን በላይ ቢቀነስም የሚደርሰው ነገር ኮምፒውተሩ መዘጋቱ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ማምጣቱ ነው። በዚያ ቅጽበት ያልተቀመጠ ሥራ ግን ሊጠፋ ስለሚችል ከመጀመርዎ በፊት ክፍት ፋይሎችዎን ይዝጉ።

በ9750ኤች ላይ የሚያገለግለው ፕሮግራም ስሮትልስቶፕ ይባላል። ከፍተው «ኤፍአይቪአር» የሚለውን ይጫኑ። በሚመጣው መስኮት «ሲፒዩ ኮር» የሚለውን ይምረጡ፣ «አንሎክ አድጀስተብል ቮልቴጅ» ላይ ምልክት ያድርጉና «ኦፍሴት ቮልቴጅ»ን ከዜሮ በታች 50 ሚሊቮልት ያድርጉት። ከዚያ «ሲፒዩ ካሽ» የሚለውን መርጠው ያንኑ ቁጥር ይስጡት፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ለውጡ በትክክል ላይሠራ ይችላል። ከመስኮቱ በታች ካሉት የማስቀመጫ ምርጫዎች ውስጥ ቮልቴጁን ወዲያው አታስቀምጥ የሚለውን ይምረጡ። ይህች ትንሽ ምልክት ትልቅ ዋስትና ናት፤ ኮምፒውተሩ ቢዘጋ ተመልሶ ሲነሳ በመደበኛው ቮልቴጅ ይነሳል፣ እርስዎም ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

50 ላይ ሲኒቤንች የተባለውን የፕሮሰሰር መፈተኛ ፕሮግራም ጥቂት ጊዜ ያስሩጡ፤ ካልተዘጋ አሥር አሥር ሚሊቮልት እየቀነሱ ይቀጥሉ። ብዙ የ9750ኤች ቺፖች ከ80 እስከ 120 ሚሊቮልት ያለውን ቅናሽ ይችላሉ፤ የእርስዎ ግን ከዚያ በፊት ሊቆም ስለሚችል የሌላ ሰውን ቁጥር በቀጥታ አይቅዱ። ኮምፒውተሩ የተዘጋበት ቁጥር ላይ ሲደርሱ ቅናሹን ከዚያ በ20 ሚሊቮልት ያህል ያሳንሱና የሚወዱትን ጌም አንድ ሁለት ሰዓት ተጫውተው ያረጋግጡ፤ ሲኒቤንችን ያለፈ ቅንብር በጌም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ኤችደብልዩኢንፎ ከዝርዝሩ መጨረሻ «ዊንዶውስ ሃርድዌር ኤረርስ» በሚለው መስመር ላይ ከዜሮ ሌላ ቁጥር ካሳየ ምንም ነገር ባይዘጋም ቅናሹ በዝቷል ማለት ነው። ሁሉም ነገር ከተረጋጋ በኋላ ብቻ ቅንብሩን እንዲያስቀምጥ ያዝዙት።

የ«ኤፍአይቪአር» መስኮት «ሎክድ» የሚል ጽሑፍ ሊያሳይዎ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ፕለንደርቮልት የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሲደረግ፣ በእነዚህ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያዎች አማካይነት በፕሮሰሰሩ ውስጥ የተጠበቀ መረጃን ማጥቃት እንደሚቻል ስለታየ፣ አምራቾች በባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ሶፍትዌር) ማሻሻያ ይህን በር ዘግተውታል። አንዳንድ አምራቾች በባዮስ ውስጥ መክፈቻ ትተዋል፣ ሌሎቹ አልተዉም። መክፈቻ ከሌለ ባዮሱን ወደ አሮጌ ቅጂ ለመመለስ መሞከርን አልመክርም፤ በስሮትልስቶፕ የቱርቦውን ፍጥነት በመጠኑ ዝቅ ማድረግ፣ ለምሳሌ ከፍተኛውን 3.6 ጊጋኸርዝ ላይ መወሰን፣ ሙቀቱን አውርዶ ፍሬሙን ያረጋጋል።

በዴስክቶፕ ባዮስ ውስጥ

በራይዘን 5 5600 ላይ መጀመሪያ የሚታየው ሜሞሪው ነው። 3200 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር4 ሜሞሪ በባዮስ ውስጥ ካልተፈቀደለት በ2133፣ በ2400 ወይም በ2666 ሊሠራ ይችላል፤ ፕሮሰሰሩም የሚፈልገውን መረጃ እየጠበቀ ጊዜ ያባክናል። በታስክ ማናጀር «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሜሞሪ»ን ሲጫኑ ፍጥነቱ ይታያል። ከተገዛው በታች ከሆነ ኮምፒውተሩ ሲነሳ «ዴል» ወይም «ኤፍ2» ደጋግመው ይጫኑ፤ በባዮሱ ውስጥ ሜሞሪው በተሸጠበት ፍጥነት እንዲሠራ የሚያደርገውን ኤክስኤምፒ የሚለውን፣ በአንዳንድ የአሱስ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ዲኦሲፒ የተባለውን አብርተው ያስቀምጡ። ለዲዲአር5 እና ለአዳዲስ ራይዘኖች ከ2022 ጀምሮ የመጣው ኤክስፖ ይባላል። ሁለት የሜሞሪ እንጨቶች አራት ቀዳዳ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሲገቡ በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ መሆን አለባቸው። አንድ እንጨት ብቻ ያለው ሰው ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው ሌላውን ጥንድ ነው፤ ፕሮሰሰሩ በገደበባቸው ጌሞች ላይ ልዩነቱ ከማንኛውም ቅንብር ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ቀጥሎ «ፕሪሲዥን ቡስት ኦቨርድራይቭ» ወደሚባለው ክፍል ይግቡና «አድቫንስድ» ላይ አድርገው የራይዘንን ቮልቴጅ የሚቀንሰውን «ከርቭ ኦፕቲማይዘር»ን ይክፈቱ። «ኦል ኮርስ»፣ «ኔጋቲቭ»፣ ከዚያ 10 ብለው ይጀምሩ። አንዱ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ያህል ነው። ከተረጋጋ ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 20 መሄድ ይቻላል። እዚህ ላይ ከላፕቶፑ የሚለይ ነገር አለ፤ ራይዘን ከመጠን በላይ ሲቀነስለት ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው በከባድ ሥራ ላይ ሳይሆን አንድ ኮር ብቻ እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ በሚወጣበት ቀላል ሥራ ላይ ነው። ሲኒቤንችን ሙሉ ሌሊት ያለፈ ኮምፒውተር ብሮውዘር ሲከፈት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ኮሮቹን አንድ በአንድ የሚፈትነውን ኮርሳይክለርን ይጠቀሙ። በዚያው ምናሌ ውስጥ ያሉትን የዋት ገደቦች ማንሳት ግን ለጌም ብዙም አይረዳም፤ 5600 የተመደበለትን 76 ዋት በጌም ውስጥ ብዙ ጊዜ አይሞላውም።

ባዮስ ማሻሻል ካስፈለገ የመብራት ጉዳይ ከሁሉ ይቀድማል፤ ሥራው መሃል ላይ እያለ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ አይጀምሩት። ከማሻሻያው በኋላ ኤክስኤምፒና ከርቭ ኦፕቲማይዘር ወደ ዜሮ ስለሚመለሱ ገጾቹን አስቀድመው በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የ13ኛ እና የ14ኛ ትውልድ ኢንቴል የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ያለው ሰው ግን ማሻሻያውን መተው የለበትም፤ በእነዚህ ፕሮሰሰሮች ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ጉዳት እያደረሰ ጌሞችን ይዘጋ ስለነበር ኢንቴል ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ማስተካከያዎችን አውጥቷል፤ የደረሰ ጉዳትን ግን ማሻሻያው አይመልስም። በእነዚህ ላይ የባዮሱን ኃይል ቅንብር ኢንቴል በወሰነው መደበኛ ደረጃ ላይ ይተዉት።

መንካት የማያስፈልጋቸው

«ኤምኤስኮንፊግ» ውስጥ ገብቶ «ነምበር ኦፍ ፕሮሰሰርስ» ላይ ትልቁን ቁጥር መምረጥ ምንም አይጨምርም፤ ዊንዶውስ ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ሁሉንም ኮሮች ይጠቀማል፣ ቁጥሩ በስሕተት ካነሰ ግን ኮሮችን ያጠፋል። በታስክ ማናጀር የጌሙን ቅድሚያ «ሪልታይም» ማድረግ የመዳፊትና የድምፅ ሥራን ስለሚያፍን ጎጂ ነው፤ «ሃይ» የሚለው ከኋላ ብዙ ነገር በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ጥቂት ሊረዳ ይችላል። ከ2021 ጀምሮ የወጡት የኢንቴል 12ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉት ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ትላልቅና ትናንሽ ኮሮችን የያዙ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 11 ጌሙን ወደ ትላልቆቹ መላክ ስለሚያውቅበት በእጅ መመደብ አያሻም።

«ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» የተባለው የዊንዶውስ ጥበቃ ጥቂት ፍሬም እንደሚወስድ እውነት ነው፤ ማይክሮሶፍት ራሱ በ2022 ተጫዋቾች ሊያጠፉት እንደሚችሉ ጽፏል። ባንክና ኢሜይል በሚከፈትበት ኮምፒውተር ላይ ግን ለጥቂት ፍሬም ብሎ ጥበቃን መተው ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

የፍሬም ጣሪያ

ሁሉም ከተደረገ በኋላ መጀመሪያ የለኩበት ቦታ ላይ ተመልሰው ይለኩ፤ አሁን ግን ከአማካዩ ጋር «ዋን ፐርሰንት ሎው» የተባለውን ቁጥር (እጅግ የዘገዩትን አንድ በመቶ ፍሬሞች ፍጥነት) አብረው ይመልከቱ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ከሪቫቱነር ጋር ሆኖ ያሳየዋል። አማካዩ 95 ሆኖ ይህ ቁጥር 40 ከሆነ ዓይን የሚያየው 40ውን ነው፤ የሚያናድደው መቆራረጥም እሱ ነው። በጌሙ ውስጥ የሕዝብ ብዛትን፣ የዕይታ ርቀትንና ሬይ ትሬሲንግን ዝቅ ያድርጉ፤ እነዚህ ከግራፊክስ ካርዱ ባሻገር ፕሮሰሰሩን የሚጫኑ ናቸው። የሸካራነት (ቴክስቸር) ጥራትን መቀነስ ግን ለፕሮሰሰሩ ምንም አይጠቅምም። ዝቅተኛው ቁጥር ለምሳሌ ወደ 62 ሲወጣ በጌሙ፣ በግራፊክስ ካርዱ መቆጣጠሪያ ወይም በሪቫቱነር የፍሬም ጣሪያውን 60 ላይ ያድርጉት። ፕሮሰሰሩ በየጊዜው ወደ 95 ለመድረስ መጣሩን ትቶ እፎይታ ስለሚያገኝ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ፋኑ ይረጋጋል፣ ከባድ ትዕይንት ሲመጣም የሚያወጣው ትርፍ አቅም ይኖረዋል።